ሶሻሊዝም በድምፅ ካርድ፦ አሜሪካ፣ ሊባኖስና የማዳም ቤት በር

በፉርን ኤል ሸባክ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

የዕረፍት ቀናችሁ እሑድ ለእናንተ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ስለማውቅ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። የማነሳቸው ዓመታት «በእኛ» ካላልኩ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ርዕሱ ከአሜሪካ የመጣ ነው። እዚያ ራሳቸውን ዲሞክራሲያዊ ሶሻሊስት ብለው የሚጠሩ ፖለቲከኞች ለምርጫ በቀረቡ ቁጥር የሚከተላቸው ጥያቄ አለ፦ ይህ አስተሳሰብ ከአሜሪካ ሕገ መንግሥትና ከፖለቲካ ልማዷ ጋር ይስማማል ወይስ ባዕድ ነው? በኅዳር 2025 ካምፓላ የተወለደው ዞህራን ማምዳኒ የኒው ዮርክ ከንቲባ ሆኖ ሲመረጥ ጥያቄው እንደገና ጦፈ። እኔ ግን እዚሁ፣ የደማስቆ መንገድ ዳር ሆነን እንድንመረምረው እፈልጋለሁ። ሊባኖስ ይህንኑ ጥያቄ በራሷ ሕገ መንግሥት ላይ ጠይቃለች፤ የተፈተነችበትም በደም ጭምር ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። የአሜሪካም ሆነ የሊባኖስ ሕገ መንግሥት ሶሻሊዝምን አይከለክልም። በሁለቱም አገር ነገሩን ያሰናከለው ማን ሠራተኛ ተብሎ ይቆጠራል፣ ማንስ ድምፅ አለው የሚለው ነው። ይህን ደግሞ በሰው ቤት የሚሠራ ሰው ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል።

መጀመሪያ የራሳችንን ፍርሃት እንመልከት። ሶሻሊዝም ሲባል የወላጆቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ቀበሌ፣ ቀይ ሽብርና የእህል ኮታ ነው። ገበሬው ያመረተውን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በመንግሥት ዋጋ ያስረክብ ነበር። ምርቱ ለኮታው ካልበቃው ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ የሚያስረክብበትም ጊዜ ነበር። ይህን ያየ ሰው ቃሉን ሲሰማ ፊቱን ቢያዞር አልፈርድበትም። በእኛ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከባለርስቱ ቀንበር ማላቀቁን ግን አልክድም፤ ትልቅ ነገር ነበር።

በዚያው ዘመን የተቀበረ ሌላ ታሪክም አለን። በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በየካቲት 1966 በእኛ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ መትቶ የንጉሡን መንግሥት ያንቀጠቀጠ ድርጅት ነው። ይኸው ማኅበር በመስከረም 1968 በእኛ ባወጣው የአቋም መግለጫ ከደርግ የጠየቀው የመናገር፣ የመጻፍ፣ የመሰብሰብና ሥራ የማቆም መብት ነበር። ጥያቄውን ያቀረበው ደርግ ኅብረተሰባዊነትን ካወጀ በኋላ ነው። የሠራተኛው ማኅበር «ሶሻሊዝሙ ያለ ነፃነት አይሆንም» ማለቱ ነበር። ደርግ መሪዎቹን አሰረ፤ በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ በመጨረሻም ኮንፌዴሬሽኑን አፍርሶ ራሱ የሚያዘውን ማኅበር ተከለ። ስለዚህ እኛ አገር ዲሞክራሲያዊ ሶሻሊዝም ተሞክሮ ወደቀ ማለት አይቻልም። ገና አፉን ሲከፍት ነው የታፈነው።

ዲሞክራሲያዊ ሶሻሊዝም የምለው እንግዲህ በድምፅ መጥቶ በድምፅ የሚወርድ መንግሥት ነው። ሕክምናን፣ ትምህርትን፣ ጡረታን፣ መብራትና ውኃን ሰው በኪሱ ልክ ሳይሆን በሰውነቱ እንዲያገኝ የሚያደርግ፣ ሠራተኛውም በሥራ ቦታው አፍ እንዲኖረው የሚያደርግ ሥርዓት ነው። ጋዜጣ የሚዘጋ፣ ማኅበር የሚያፈርስ መንግሥት ስሙ ምንም ይሁን ምን ከዚህ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ አሜሪካ። በ1787 የተጻፈው ሕገ መንግሥት ስለ ኢኮኖሚ ሥርዓት ዓይነት አንድም ቃል አይናገርም። የመግቢያው ቃል ከመንግሥቱ ዓላማዎች አንዱ የሕዝብ ደኅንነት እንደሆነ ይገልጻል። አምስተኛው ማሻሻያ ደግሞ የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተገቢ ካሣ እንዲከፈል ያዛል። ካሣ ይከፈል ማለቱ መውሰድ እንደሚቻል አምኖ መቀበሉ ነው። ትልቁ ፍልሚያ የተካሄደው በፍርድ ቤት ነበር። ኒው ዮርክ የዳቦ ጋጋሪዎችን የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ60 እንዳይበልጥ ስትወስን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1905 የውል ነፃነትን ይጥሳል ብሎ ሕጉን ሻረው። ከተቃወሙት ዳኞች አንዱ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ሕገ መንግሥት የአንድ የኢኮኖሚ ትምህርት ወገን ሆኖ አልተጻፈም የሚል ሐሳብ አሰፈሩ። በዚያን ቀን ተሸናፊ ነበሩ።

የውል ነፃነትን ያስቀደመውን አመለካከት የሰበረችው ኤልሲ ፓሪሽ የምትባል ሴት ናት። በዋሽንግተን ግዛት፣ በዌናቺ ከተማ በአንድ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ አንሶላ ትቀይራለች። ግዛቱ ለሴቶች የደነገገው ዝቅተኛ ደመወዝ በ48 ሰዓት ሳምንት 14 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሲሆን ሆቴሉ ይከፍላት የነበረው ከዚያ በታች ነው። ስትሰናበት ልዩነቱን ደምራ 216 ዶላር ከ19 ሳንቲም ይገባኛል ብላ ከሰሰች። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1937 በ5 ለ4 ድምፅ ረታች። መንግሥት የደካማውን ሠራተኛ ደመወዝ በሕግ መጠበቅ ይችላል ተባለ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንድ ፊደል ሳይቀየርበት ትርጉሙ ተቀየረ፤ ለዚህ ምክንያት የሆነችው ደግሞ ክፍል የምታጸዳ ሴት ናት። እናንተ ይህን ስም እንድትይዙት እፈልጋለሁ።

ልማዱስ? ነገሩ ባዕድ ነው የሚሉ ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ ግማሹን ይዘላሉ። ለአሜሪካ አብዮት ብዕሩን የሰጠው ቶማስ ፔይን በ1797 ባሳተመው ጽሑፍ መሬት ካላቸው ሰዎች ከሚሰበሰብ ገንዘብ ለወጣቶች መነሻ፣ ለአረጋውያን ጡረታ እንዲከፈል ሐሳብ አቅርቧል። በ1862 በሊንከን ዘመን የወጣው ሕግ መሬቱን ላለማ ቤተሰብ 160 ኤከር የመንግሥት መሬት በነፃ ሰጥቷል፤ መሬቱ ቀድሞ የማን እንደነበር ስናስብ ግን የነባሮቹ ሕዝቦች ጩኸት ይሰማል። ሚልዋኪ ከተማ በ1910 ሶሻሊስት ከንቲባ መረጠች። ከሶሻሊስት ከንቲባዎቿ አንዱ ዳንኤል ሆን ከ1916 እስከ 1940 ድረስ 24 ዓመት በምርጫ ከንቲባነቱን ይዞ ቆይቷል። የሠሩት የፍሳሽ ቦይ፣ ንጹሕ ውኃ፣ መናፈሻ፣ ጤና ጣቢያና ከሌብነት የጸዳ ሒሳብ ነው። የሥራና የነፃነት ሰልፍ ተብሎ በ1963 ዋሽንግተን ላይ የተደረገውን ታላቅ ሰልፍ የመሩት ፊሊፕ ራንዶልፍም ሶሻሊስት ነበሩ።

ከዚህ ጎን የአፈናም ልማድ አለ፤ እሱን መደበቅ ተገቢ አይደለም። ዩጂን ደብስ በ1918 ጦርነትን ተቃውሞ ስለተናገረ 10 ዓመት ተፈረደበት። በ1920 እስር ቤት ሆኖ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ከ900 ሺህ በላይ ድምፅ አገኘ። በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ ግዛት ምክር ቤት ሕዝብ የመረጣቸውን አምስት ሶሻሊስቶች ከመቀመጫቸው አስወጣ። እኔ እንደማየው ከሕገ መንግሥቱ ጋር የተጋጨው ተመራጮቹን ያባረረው ወገን ነው።

ከዚያ 1935 መጣ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት የማኅበራዊ ዋስትናን ሕግ ፈረሙ፤ ጡረታና የሥራ አጥ መድን ሕግ ሆኑ። በዚያው ዓመት የመደራጀት መብት፣ በ1938 ደግሞ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ወጣ። ሦስቱም ሕጎች ሁለት ዓይነት ሠራተኞችን በውጭ አስቀሩ፦ የእርሻ ሠራተኛንና የቤት ሠራተኛን። በደቡብ ግዛቶች አብዛኞቹ ጥቁር ሠራተኞች በእነዚህ ሁለት ሥራዎች ላይ ነበሩ። ለምን እንደተተዉ ታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ። የደቡብ ፖለቲከኞች ጫና ነው የሚሉ አሉ፤ ከየቤቱ መዋጮ መሰብሰብ አስቸጋሪ ስለነበር ነው የሚሉም አሉ። በር ላይ ለቆመችው ሴት ግን ውጤቱ አንድ ነበር። የአሜሪካ ማኅበራዊ ሕግ ፋብሪካ ገባ፣ ሱቅ ገባ፣ ሆቴልም ገባ፤ የሰው ቤት ደጃፍ ሲደርስ ግን ቆመ።

በሩ የተከፈተው ጥቂት በጥቂት ነው። በ1950 ማሻሻያ ለቤት ሠራተኞች ጡረታ ገባላቸው። በ1968 ዶሮቲ ቦልደን የምትባል ከልጅነቷ ጀምሮ በሰው ቤት የሠራች ሴት አትላንታ ውስጥ የቤት ሠራተኞችን ማኅበር አቋቋመች። ቦልደን ከአባላቷ የጠየቀችው አንድ ነገር ለምርጫ መመዝገብ ነው፤ ያልተመዘገበች አባል አትሆንም። ፖለቲከኞች ወደ ቢሮዋ መመላለስ ጀመሩ። በ1974 የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ለቤት ሠራተኞችም ተዘረጋ። አሠሪ ቤት የምታድረው ሠራተኛ በፌዴራል ሕጉ እስከ ዛሬ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የላትም፤ የ1935ቱ የመደራጀት ሕግም እስከ ዛሬ የቤት ሠራተኛን አያካትትም። ሥራው አላለቀም። መንገዱ ግን የድምፅ መንገድ ነበር። ለጥያቄው የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ዲሞክራሲያዊ ሶሻሊዝም ከአሜሪካ ልማድ ጋር ይስማማል፤ ያልተስማማው የሠራተኛውን ግማሽ ቆጥሮ ግማሹን የሚተው ልማድ ነው።

አሁን ወደ ቆማችሁበት ምድር እንመለስ፤ ከዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ብናገር ታገሡኝ።

የሊባኖስ ሕገ መንግሥት የወጣው ግንቦት 23 ቀን 1926 በፈረንሳይ ሞግዚትነት ዘመን ነው። ረቂቁ ላይ እጃቸውን ካስገቡት አንዱ ሚሼል ሺሃ የባንክ ሰው ነበሩ፤ ሊባኖስን የነጋዴ ሪፐብሊክ አድርገው ያዩ ሰው ናቸው። 15ኛው አንቀጽ ንብረት በሕግ ጥበቃ ሥር እንደሆነ ይናገራል፤ ለሕዝብ ጥቅም ሲሆን ግን በተገቢ ካሣ ሊወሰድ እንደሚችል ይፈቅዳል። ልክ እንደ አሜሪካው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1990 የተጨመረው የመግቢያ ቃል ደግሞ ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጧል። በአንድ በኩል ሪፐብሊኩ በማኅበራዊ ፍትሕ ላይ የቆመ ነው ይላል፤ በሌላ በኩል የኢኮኖሚ ሥርዓቱ ነፃ ነው፣ የግል ንብረትና የግል ጥረት ዋስትና አላቸው ይላል። ከአሜሪካው ይልቅ ወደ ገበያው ያደላ መሆኑ ግልጽ ነው። ማኅበራዊ ፍትሕን በስም ጠርቶ የጻፈውም ግን ይኸው ሰነድ ነው። ጽሑፉ ለሁለቱም ወገን መከራከሪያ ይሰጣል።

የሕዝቡ ልማድም የነጋዴ ብቻ አይደለም። በ1858 ከስሩዋን ውስጥ ታንዩስ ሻሂን የመራቸው ማሮናዊ ገበሬዎች ማሮናዊ ባላባቶቻቸውን፣ የካዜን ሼኾችን፣ ከአገር አባርረው መሬቱን ተከፋፍለው ነበር። ገበሬውም ባላባቱም የአንድ ሃይማኖት ልጆች እንደነበሩ ልብ በሉ። ከዚህ ብዙ በማይርቀው ሐደት በ1924 ኋላ የኮሚኒስት ፓርቲ የሆነው የሊባኖስ ሕዝብ ፓርቲ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ የትምባሆ ሠራተኛ ነበር። በሰኔ 1946 የትምባሆ ሞኖፖሉ ሠራተኞች አድማ ሲመቱ ፖሊስ ተኮሰ፤ ዋርዳ ቡትሮስ ኢብራሂም የምትባል ሠራተኛ ሞተች። በዚያው ዓመት መስከረም 23 ቀን የሊባኖስ የሥራ ሕግ ወጣ። ዛሬም የሚሠራበት እሱ ነው። በሴት ሠራተኛ ደም የወጣ ሕግ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከማል ጁምብላት የመጣው በዚህ መሐል ነው። በ1917 በሹፍ ተራራ፣ በሙኽታራ የተወለደ የድሩዝ ባላባት ልጅ በ1949 ተራማጅ ሶሻሊስት ፓርቲን አቋቋመ። ከመሥራቾቹ መካከል ድሩዝ ብቻ ሳይሆኑ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞችም ነበሩ፤ የሱኒው ሊቅ ሼኽ አብደላህ አላይሊም አንዱ ነበሩ። ጁምብላት ፓርላማ ገብቷል፣ ሚኒስትር ሆኗል። በ1970 የአገር ውስጥ ሚኒስትር ሳለ የታገዱ ፓርቲዎችን ሕጋዊ አድርጓል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ተቀናቃኞቹ ነበሩ። ፕሬዚዳንት ግን መሆን አይችልም ነበር። በ1943 ቢሻራ ኤል ኩሪና ሪያድ ኤል ሶልህ በቃል የተስማሙበት ብሔራዊ ቃል ኪዳን ፕሬዚዳንቱን ማሮናዊ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሱኒ፣ አፈ ጉባኤውን ሺዓ አድርጎ ደልድሎ ነበር። ለድሩዝ ከእነዚህ ሦስት ወንበሮች አንዱም አልደረሰውም።

የእንቅፋቱ ሥር እዚህ ጋ ነው። ሶሻሊዝም ሰዎችን በሥራቸው ይሰበስባል፤ የሊባኖስ የምርጫ ሥርዓት ደግሞ በሃይማኖታቸውና በትውልድ መዝገባቸው ይበትናቸዋል። እዚህ ፉርን ኤል ሸባክ ዕድሜውን ሙሉ የኖረ ሊባኖሳዊ ዳቦ ጋጋሪ የሚመርጠው እዚህ አይደለም፤ አያቱ በተመዘገቡበት መንደር ነው። አጠገቡ ሊጥ የሚያቦካው ባልደረባው ሌላ አውራጃ ሄዶ፣ ለሌላ ወንበር፣ ሌላ ዝርዝር ላይ ድምፁን ይሰጣል። ሁለቱ አንድ ቤት ኪራይ ይከፍላሉ፣ አንድ የጄነሬተር ባለቤት ይበዘብዛቸዋል፤ አንድ ላይ ግን መምረጥ አይችሉም። ሚልዋኪ ውስጥ ሶሻሊስቶች ያሸነፉት አንድ ሰፈር የሚኖሩ ሠራተኞች አንድ ጣቢያ ላይ ስለመረጡ ነው። ያንን ፓርቲ አምጥታችሁ የሊባኖስ የምርጫ ሕግ ውስጥ ብትተክሉት የአንድ ሃይማኖት ድርሻ ሆኖ ነው የሚያድገው።

የጁምብላት ፓርቲ ዕጣም ይኸው ሆነ። በነሐሴ 1975 እሱ የመራው ብሔራዊ ንቅናቄ ያወጣው የማሻሻያ ፕሮግራም ስለ ሶሻሊዝም አላወራም። የጠየቀው ከፖለቲካው የሃይማኖት ድልድል እንዲነሳ፣ አገሪቱ አንድ የምርጫ ክልል ሆና በተመጣጣኝ ውክልና እንድትመርጥ ነው። ቁልፉ የቱ ጋ እንዳለ ገብቶት ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ከአራት ወር በፊት፣ ሚያዝያ 13 ቀን፣ ከዚህ ጎረቤት አይን ኤል ረማኔ በአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ላይ የተተኮሰው ጥይት ጦርነቱን ጀምሮት ነበር። ጁምብላት መጋቢት 16 ቀን 1977 ተገደለ። ፓርቲው በልጁ ሥር በጦርነቱ የድሩዝ ሠራዊት ሆነ፤ አሁን የሚመራው የልጅ ልጁ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የደማስቆ መንገድ ላይ ቆሞ የነበረ ሰው ያንን ፓርቲ በጠመንጃው እንጂ በጡረታ ረቂቁ ሊያስታውሰው አይችልም፤ የዚህ ሰፈር ነዋሪዎች ቁስል እውነተኛ ስለሆነ በአክብሮት ነው የምናገረው። እኔ ግን ጁምብላትንም ከወቀሳ አላወጣውም። መሣሪያ ከማንሳት ሌላ በር መኖሩን በትዕግሥት ያልፈለገ መሪ፣ ለዲሞክራሲያዊ ሶሻሊዝም ከሚገባው በላይ አስከፍሎታል።

የሚገርመው፣ ሊባኖስ ውስጥ ለሠራተኛው ብዙ የሠራው ሶሻሊስት አልነበረም፤ ጄኔራል ፉአድ ሸሃብ ነው። ከ1958 እስከ 1964 ፕሬዚዳንት ሳለ ፈረንሳዊውን ቄስ ሉዊ ዦዜፍ ለብሬን ጠርቶ የአገሪቱን ድህነት አስጠና። በመስከረም 1963 የብሔራዊ ማኅበራዊ ዋስትና ፈንድ ሕግ ወጣ፤ በ1964 የሊባኖስ ኤሌክትሪክ የመንግሥት ድርጅት ሆኖ ተቋቋመ። ሕገ መንግሥቱ አልፈረሰም፤ ነጋዴውም አልተሰደደም።

ያ የኤሌክትሪክ ድርጅት ዛሬ የት እንዳለ እናንተ ታውቃላችሁ። በየቤታችሁ ሁለት መብራት አለ፦ የመንግሥቱና የኢሽቲራኩ፣ ማለትም በክፍያ የሚመጣው የሰፈር ጄነሬተር። የመንግሥቱ ሲጠፋ አሳንሰሩ እንዳይቆምባችሁ ትሮጣላችሁ። ከሞተሩ ስንት አምፔር እንደተገዛ ማዳም፣ አሠሪያችሁ፣ ታውቃለች፤ ማጠቢያውና ብረቱ አብረው እንዳይበሩ ትነግራችኋለች። ድርጅቱ የሕዝብ ንብረት ነው፤ ግን ሕዝብ አይቆጣጠረውም። የየወገኑ አለቆች ተከፋፍለውታል። ንብረትን በመንግሥት ስም ማድረግ ብቻውን ሶሻሊዝም አለመሆኑን ለማስረዳት የደርግን የእህል ኮታ ወይም ይህን የመብራት ቆጣሪ ማሳየት ይበቃል። ጠያቂ ከሌለው የመንግሥት ንብረት የባለሥልጣን ንብረት ይሆናል።

እንግዲህ ወደ በሩ ደረስን። በ1946ቱ የሥራ ሕግ 7ኛው አንቀጽ ሕጉ የማይመለከታቸውን ሲዘረዝር በግል ቤት የሚሠሩ የቤት ሠራተኞችን አንድ ብሎ ይጀምራል፤ የእርሻ ሠራተኞችንም ይጨምራል። ከ1935ቱ የአሜሪካ ሕግ ጋር አስተያዩት። ሁለት አገር፣ ሁለት ቋንቋ፣ 11 ዓመት ልዩነት፤ በውጭ የቀሩት ግን አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ዋርዳ የሞተችበት ሕግ እናንተን አላየም። በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው ካፋላ፣ ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረው የዋስትና ሥርዓት፣ የተተከለው። ኢቃማችሁ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዳችሁ፣ በካፊሉ፣ ማለትም በዋሱ አሠሪ፣ ስም ስለተንጠለጠለ፣ ከቤቱ የወጣች ሴት በወጣችበት ቀን ወረቀት አልባ ትሆናለች። በ2020 ገንዘቡ ሲወድቅ አሠሪዎች ደመወዝ ሳይከፍሉ እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ሐዝሚዬ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም አየ። ሕጉ ሠራተኛ ብሎ ያልጠራትን ሴት አሰናበትኩ ለማለት እንኳ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም ነበር።

ሙከራ አልጠፋም። ጥር 25 ቀን 2015 በሊባኖስ የሠራተኞች ማኅበራት ብሔራዊ ፌዴሬሽን ጥላ ሥር የቤት ሠራተኞች ማኅበር መሥራች ጉባኤ ቤሩት ላይ ተካሄደ፤ ከእናንተ መካከል የተገኛችሁ ትኖሩ ይሆናል። የወቅቱ የሥራ ሚኒስትር ሕገ ወጥ ነው ብለው አልተቀበሉትም። በ2017 ኢትዮጵያውያን ሴቶች ራሳቸው «እኛ ለእኛ በስደት»ን አቋቋሙ። በመስከረም 2020 የሥራ ሚኒስቴር ሠራተኛዋ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ውሏን ማፍረስ የምትችልበትን አዲስ ወጥ ውል ሲያወጣ የሠራተኛ አስመጪ ቢሮዎች ማኅበር ከሰሰ፤ በቀጣዩ ወር የሹራ ምክር ቤት፣ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ ውሉን አገደው። ለአስመጪ ቢሮዎች ጥቅም ሲባል የሠራተኛ ነፃነት ታገደ ማለት ነው። ይህ ውሳኔ፣ የውል ነፃነት እያለ የጋጋሪዎቹን ሕግ የሻረው የ1905ቱ ፍርድ ቤት ወንድም ነው።

እናንተ እዚህ ዕቁብ ትጥላላችሁ፤ የታመመች እህት ሆስፒታል ስትገባ አዋጥታችሁ ታስወጣላችሁ፤ የሞተችውን አስከሬን ለእናቷ ትልካላችሁ። ይህ ሥራ በመንግሥት ደረጃ ሲሠራ ማኅበራዊ ዋስትና ይባላል። ሸሃብ ያቋቋመው ፈንድ ግን ለውጭ ዜጋ ጥቅም የሚሰጠው የዚያ ሰው አገር ለሊባኖሳውያን ተመሳሳይ መብት ከሰጠች ነው፤ የቤት ሠራተኛ ደግሞ ከመነሻውም የለችበትም።

ከአሜሪካ መንገድ የምንለይበት ቦታ እዚህ ነው፤ ከሁሉ ከባዱም ይኸው ነው። ቦልደን ሴቶቿን ያስመዘገበችው ዜጎች ስለነበሩ ነው። ዲሞክራሲያዊ ሶሻሊዝም በድምፅ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሊባኖስ ውስጥ ከባዱን ሥራ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ግን ድምፅ የላቸውም። ሶሪያዊው ግንበኛ የለውም፣ ፍልስጤማዊው የለውም፣ እናንተም የላችሁም። ነገ ሶሻሊስት ፓርቲ ምርጫ ቢያሸንፍ እንኳ እናንተን እንዲያስታውስ የሚያስገድደው ነገር የለም። ስለዚህ እዚህ አገር መንገዱ ከምርጫ ሣጥን በፊት በሠራተኛ ማኅበር በኩል ማለፍ አለበት ብዬ አምናለሁ። የሥራ ሕጉ 92ኛ አንቀጽ የሥራ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ የማኅበር አባል እንዲሆን ይፈቅዳል። መምረጥና መመረጥ ይከለክለዋል፤ ሆኖም የውጭ ዜጎቹ አባላት ከመካከላቸው አንድ ሰው መርጠው በማኅበሩ አመራር ፊት እንዲወክላቸው ይፈቅዳል። የቤት ሠራተኛን ከሕጉ የሚያስቀረው 7ኛው አንቀጽ ስላለ ጠባብ ቀዳዳ ነው። የኤልሲ ፓሪሽ 216 ዶላር ከ19 ሳንቲምም ጠባብ ቀዳዳ ነበር። ለሊባኖሳውያን ሠራተኞች መንገር ያለባችሁ ነገርም አለ፦ 7ኛው አንቀጽ እስካለ ድረስ የእነሱን ደመወዝ ማውረጃ መሣሪያ ይኖራል። በ2011 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 189ኛውን የቤት ሠራተኞች ስምምነት ሲያጸድቅ ሊባኖስ ደግፋ ድምፅ ሰጥታለች፤ መንግሥታቸው ጄኔቫ ላይ ያነሳውን እጅ ቤሩት ላይ እንዲያነሳ መጠየቅ የእነሱ መብት ነው።

ድምፅ ያላችሁበት አገር ግን አለ። በእኛ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሌላው ሠራተኛ ለይቶ፣ የሥራ ሁኔታውን ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ደሴ፣ ጎንደር ውስጥ ከገጠር መጥታ በሰው ማድቤት የምታድረው ልጅ የዕረፍት ቀኗንና የሥራ ሰዓቷን በዚያ አዋጅ አታገኘውም። ሕገ መንግሥታችን በ42ኛው አንቀጽ የሠራተኞችን መብት ጽፏል፤ መሬትን በ40ኛው አንቀጽ የመንግሥትና የሕዝብ አድርጓል። በጽሑፍ ከሄድን ከአሜሪካም ከሊባኖስም ይልቅ ለሶሻሊዝም የቀረብነው እኛ ነን። የቤት ሠራተኛዋ ግን እኛም ጋ በር ላይ ናት። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ነገ ተመልሳችሁ ቤት ትሠራላችሁ፤ ሠራተኛም ትቀጥራላችሁ። ለወረዳችሁ ተመራጭ የምታቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ ያ ደንብ ይሁን፦ የሳምንት ዕረፍት፣ የጽሑፍ ውል፣ የደመወዝ ወለል፣ ስትታመም የሚያሳክማት መድን። ከፍርድ ቤት ጋርና ከማኅበር ምዝገባ ጋር የተያያዘውን ለጥያቄ ሰዓት አቆይቼዋለሁ፤ 92ኛውን አንቀጽ በዐረብኛና በአማርኛ አባዝተን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠናል፤ ስትወጡ ለራሳችሁም፣ ዛሬ በር ተዘግቶባት መምጣት ላልቻለችው ጓደኛችሁም ውሰዱ።